አውራዋ ንብ
(ስለ ሴቶች ጉልበትና ስለ ልቦለድ ለአንባቢያን ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ርእሳችን ሴቶች በጉልበት ከወንዶች የሚበልጡበትን ዓለም የሚፈጥሩ ልቦለዶች ናቸው። እኔ ግን ከንብ ልጀምር። ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ፤ ወደ ሴቶቹ እንደርሳለን።

አርስቶትል ስለ እንስሳት አወላለድ በጻፈው መጽሐፍ ንብ ላይ ሲደርስ የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። በቀፎ ውስጥ የሚሠሩት ንቦች መንደፊያ አላቸው። ሥራ የማይነኩት ድንጉላዎች ደግሞ የላቸውም። ታዲያ የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት ነው? ሠራተኞቹ ሴቶች ሊሆኑ አይችሉም አለ፤ ምክንያቱም ተፈጥሮ ለየትኛዋም እንስት የጦር መሣሪያ አትሰጥም። ወንዶችም ሊሆኑ አይችሉም፤ ወንድ ልጅ ሲያሳድግ አይታይምና። ስለዚህ ሁለቱንም ጾታ በአንድ አካል የያዙ መሆን አለባቸው ብሎ ነገሩን ዘጋው። የቀፎውን ገዥ ደግሞ እንደ ብዙ የዘመኑ ሰው ንጉሥ አለው። ከእርሱ በኋላ 2000 ዓመት ገደማ አለፈ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም «ንጉሡን» ቀዶ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ሆዱ ውስጥ ያገኘው የእንቁላል ማኅደር ነበር።

በግሪኮቹ ከመሳቃችን በፊት ወደ ቤታችን እንመልከት። ሰዎች መሪ አጥተው ሲበተኑ ምን እንላለን? «አውራ እንደሌለው ንብ» እንላለን። አውራ ወንድ ነው፤ ማስረጃ ካስፈለገ አውራ ዶሮን ጠይቁ። ቀፎውን ሙሉ የወለደችውን እናት ጎሕ ሲቀድ በሚጮኸው በዶሮው ስም ስንጠራት ኖረናል፤ ማንንም አላስገረመም።

ከእነዚህ ልቦለዶች የተማርኩትን ላስቀድምላችሁ። ጉልበት መጀመሪያ የሚታየው ክንድ ላይ ነው። ሰንብቶ የሚኖረው ግን ስም ላይ ነው።

ጨዋታው ቀላል ይመስላል። ደራሲው ከዓለም ላይ አንዲት ብሎን ይፈታል፤ የቀረውን እንደነበረ ይተወዋል፤ ከዚያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሄድ ተቀምጦ ያያል። የተፈታችው ብሎን ግን ምን ያህል ነገር ይዛ ነበር? የጡንቻ ልኬቶች እንደሚያሳዩት በአማካይ የሴቶች የክንድና የትከሻ ጥንካሬ ከወንዶቹ ከግማሽ እስከ 60 ከመቶ ገደማ፣ የእግራቸው ደግሞ ከ60 እስከ 70 ከመቶ ገደማ ነው። ሩጫ ላይ ልዩነቱ ይጠብባል። የዩሴይን ቦልት የ100 ሜትር ክብረ ወሰን 9.58 ሰከንድ፣ የፍሎረንስ ግሪፊዝ ጆይነር 10.49 ሰከንድ ነው፤ በመካከላቸው 10 ከመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ልዩነቱ የሚሰፋው ቡጢ በሚወጣበት ቦታ ነው ማለት ነው። ለመሸሽ ያን ያህል አንራራቅም፤ ለመምታት እንራራቃለን።

ይህ ልዩነት ደግሞ በየቀኑ አይለካም። እጁን ሴት ላይ ሳያነሳ ዕድሜውን የሚጨርስ ወንድ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት (ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወት ዘመኗ ከቅርብ አጋሯ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት፣ አለዚያም ከሌላ ሰው ጾታዊ ጥቃት ደርሶባታል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው። የልቦለድ ጸሐፊን ግን ይበልጥ ሊያሳስቡት የሚገቡት የቀሩት ሁለቱ ይመስሉኛል። እነሱ ምንም አልደረሰባቸውም። ሆኖም ሲመሽ የሚሄዱበትን መንገድ ይመርጣሉ፤ ሊፍቱ ሲከፈት ውስጡ ማን እንዳለ አይተው ይገባሉ ወይም ስልክ የሚያወሩ መስለው ያልፋሉ፤ እምቢታቸውን በሳቅ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ያልተነሳ እጅ ከተነሳው ይልቅ ሲሠራ ይውላል፤ ድካምም አያውቅም።

ሴቶች ወንዶችን ሲደበድቡ የሚያሳይ ምዕራፍ ማንም ይጽፈዋል። ከባዱ እምቢታውን በሳቅ የሚጠቀልል ወንድ መጻፍ ነው። ያን ወንድ በዚህ ዓይነት ልቦለዶች ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው።

ብሎኗን ቀደም ብለው ከነኩት አንዱ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ነው። በ1871 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው «መጪው ዘር» አንድ ወጣት አሜሪካዊ በማዕድን ጉድጓድ በኩል ወርዶ ከመሬት በታች የሚኖር፣ ክንፍ የሚያጠልቅ ሕዝብ ያገኛል። የዚያ ሕዝብ ሴቶች ከወንዶቻቸው ይረዝማሉ፤ ይጠነክራሉ፤ ቭሪል የተባለውን ገዳይና አዳኝ ኃይልም ከወንዶቹ አብልጠው ያዙበታል። ለጋብቻ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ወንዶቹ ይሽኮረመማሉ፤ እስኪለመኑም ይጠብቃሉ። ዚ የምትባል ምሁር ልጃገረድ ተራኪውን ትወደዋለች፤ ምስኪኑም ከፍቅሯ የሚሸሸግበት ጥግ ያጣል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ይመጣል፤ ሳቄም ያቆማል። እነዚያ ኃያላን ሴቶች ባል ሲያገቡ ክንፋቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አውልቀው ይሰቅላሉ። ከዚያ በኋላ ገራም፣ ታዛዥ ሚስቶች ይሆናሉ።

ማን አስገደዳቸው? ሊያስገድዳቸው የሚችል ጉልበት ያለው ወንድ በዚያ አገር የለም። ያለው ደራሲው ብቻ ነው። ክንዱን ሰጣቸው፤ «ሚስት» የሚለው ቃል ግን በላይኛው ዓለም የያዘውን ትርጉም እንደያዘ አብሮት በማዕድን ጉድጓዱ ወረደ። የእኛ ቋንቋ ብርታትንም፣ ሲንበረከኩ የሚታጠፈውንም የአካል ክፍል ጉልበት ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደርሶ ይገባኛል።

ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ በሕንድ ማድራስ ውስጥ በሚታተም የሴቶች መጽሔት ላይ «የሱልጣና ሕልም» የምትባል አጭር ልቦለድ ወጣች። ጸሐፊዋ ሮኬያ ሳካዋት ሆሴን ናት። ሴቶች ከባዕድ ዓይን ተሸሽገው በሚኖሩበት ቤት ያደገች፣ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ የነበረች ሴት። በሕልሟ አገር ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲውና ቢሮው የሴቶቹ ነው። ሴቶቹ የቢሮውን ሥራ በሁለት ሰዓት ይጨርሱታል። ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢባል፣ ወንዶቹ ከሰባቱ የሥራ ሰዓት ስድስቱን ሲያጨሱ ነበር የሚያሳልፉት። ሒሳቡንም አስልታዋለች፤ ለአንድ ሲጋራ ግማሽ ሰዓት፣ በቀን 12 ሲጋራ። በፌዝ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ የሒሳብ ሥራ እወዳለሁ።

ሮኬያ ጡንቻውን አልነካችውም። ወንዶቹ ይበረታሉ እኮ ለሚለው ክርክር መልሷ አንበሳም ከሰው ይበረታል፤ የሰውን ዘር ግን አልገዛም የሚል ነው። የወንድ አእምሮ ይከብዳል ቢባልም የዝሆን ደግሞ ይብሳል። ጦርነት መጥቶ ወንዶቹ ሲሸነፉ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዋ 2000 ተማሪዎቿን አሰልፋ ትወጣና የተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀት ጠላት ላይ ትለቅበታለች። ጦርነቱ በዚሁ ያበቃል። ባሏ ታሪኩን ቆሞ አንብቦ ሲጨርስ «ከባድ በቀል!» እንዳለ እርሷው ራሷ ጽፋለች።

እኔ ከቡልወር ሊተን ይልቅ ለሮኬያ እፈርዳለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ከተዘጋባቸው ወንዶች የአንዱ እንኳ ድምፅ ወደ ጎዳናው አይሰማም። በቀል ስለሆነ ይሆናል፤ በቀል የተበቀሉትን ሰው ስሜት ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ተፈጥሮም ከሮኬያ ጋር የምትስማማ ትመስላለች። ባለ ነጠብጣቡን ጅብ ውሰዱ። በዚህ ጅብ መንጋ ሴቷ ከወንዱ በመጠኑ ትገዝፋለች፤ የምትገዛውም እርሷ ናት። ጥንታውያን ለጅብ ጾታ መወሰን አቅቷቸው ወንድም ሴትም ነው እያሉ ያወሩ ነበር። ይህ ስሕተት ነው ብሎ የተከራከረው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው አርስቶትል፤ ለንብ ያጣውን ዓይን ለጅብ አገኘው። በእኛም ተረት ጅብ «አያ ጅቦ» ነው። «እመት ጅቢት» የሚል ተረት ሰምቼ አላውቅም። እመት የምንላት ጦጣን ነው፤ ትንሽና ብልጥ ስለሆነች።

ሴቷ ጅብ ግን የምትገዛው በመግዘፏ ነው? በታንዛኒያ በንጎሮንጎሮ የሚኖሩ ጅቦችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2019 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። ሁለት ጅቦች ሲፋጠጡ ማን እንደሚያሸንፍ ከሁሉ በላይ የሚወስነው በችግር ጊዜ የሚደርስለት ደጋፊ ብዛት ነው። ሴቶቹ በተወለዱበት መንጋ ስለሚቀሩ በዘመድ መካከል ይኖራሉ። አብዛኞቹ ወንዶች ሲጎለምሱ ወደ ሌላ መንጋ ይሰደዳሉ፤ እዚያም ባዳ ይሆናሉ። ባዳ ተነክሶ ቢጮህ ማን ይመጣለታል? የቦኖቦዎቹ ነገር ደግሞ ይብስ። በኮንጎ ደን የሚኖሩት የእነዚህ ዝንጀሮ መሰል ዘመዶቻችን ሴት ከወንዱ ታንሳለች። ነገር ግን አንድ ወንድ አንዷን ሊተናኮል ቢሞክር ሌሎቹ ተሰብስበው ይመጡበታል። ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ አይሞክርም። ያልተነሳ እጅ ያልነው እዚህ የሴቶቹ ነው።

በሰው ታሪክም ምሳሌው አለ። በ1913 በብሪታኒያ የሴቶችን የመምረጥ መብት ይጠይቅ የነበረው ንቅናቄ መሪዎቹን ከፖሊስ የሚጠብቅ 30 ገደማ ሴቶች ያሉበት ቡድን አቋቁሞ ነበር። ጁጁትሱ ያሠለጠነቻቸው ኤዲት ጋሩድ ቁመቷ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በዚህ ርእስ ላይ ከተጻፉት ብዙ ያነጋገረው የእንግሊዛዊቷ ናኦሚ ኦልደርማን «ኃይሉ» ነው። በ2016 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት በብሪታኒያ ሴት ልቦለድ ጸሐፍት የሚወዳደሩበትን ሽልማት አገኘ። ልጃገረዶች አንድ ቀን ከአንገታቸው ሥር ባለ አዲስ የአካል ክፍል ኤሌክትሪክ መልቀቅ ይጀምራሉ። የሚቀጥለውን ያላነበበም ይገምተዋል። ነፃነት ይመጣል፤ በቀል ይከተላል፤ ከዚያ አዳዲስ ጨካኞች ይነሣሉ። ክርክሩ ሁሉ የተካሄደው በዚሁ ላይ ነበር፤ ሴት ኃይሉን ብታገኝ ትሻላለች ወይስ ያው ናት? እኔን ይህ ጥያቄ አያጓጓኝም። ልቦለድ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አይደለም። ገጸ ባሕርያት ደራሲያቸው ያዘዛቸውን ያደርጋሉ። የቡልወር ሊተን ሴቶች ክንፍ ሰቀሉ፤ የኦልደርማን ሴቶች ዓለምን አቃጠሉ፤ ሁለቱም ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ምስክሮች አይደሉም።

እኔን ያስቆመኝ የመጽሐፉ ጠርዝ ነው። ታሪኩ የቀረበው ከአምስት ሺህ ዓመት በኋላ በሚኖር ወንድ ጸሐፊ ረቂቅ መልክ ነው። ጸሐፊው ረቂቁን ለአንዲት ታዋቂ ሴት ደራሲ ልኮ አስተያየቷን በትሕትና ይለምናል። እርሷም ታበረታታዋለች፤ ወንዶች በአንድ ዘመን ወታደሮች ነበሩ የሚለው ሐሳብ ግን ያዝናናታል እንጂ አይዋጥላትም። በመጨረሻም ምናልባት መጽሐፉን በሴት ስም ቢያሳትመው እንደሚሻል በደግነት ትመክረዋለች። በምክሯ ውስጥ መብረቅም ዱላም የለም። እምቢታውን በሳቅ የሚጠቀልለውን ወንድ ያገኘሁት እዚያ፣ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ነው፤ «ስለ ሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ» በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ቁጭ ብሎ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሥዕሎችም አሉ፤ የወደፊቱ ዘመን ሰዎች ከመሬት ቆፍረው ያወጧቸው ቅርሶች ተብለው። ከእነሱ አንዱ «አገልጋይ ልጅ»፣ ሌላው «ካህኒት ንግሥት» ተብሎ ተሰይሟል። ዓይናችሁ ከለመዳቸው ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ፓኪስታን ከምንለው አገር፣ ከጥንታዊቷ ሞሄንጆ ዳሮ በ1920ዎቹ የወጡ ሁለት እውነተኛ ምስሎች ናቸው። እኛ የምናውቃቸው «ካህን ንጉሥ» እና «ዳንሰኛዋ ልጅ» ተብለው ነው። የዚያ ሥልጣኔ ጽሕፈት እስካሁን አልተነበበም፤ ሰውየው ካህን ይሁን ንጉሥ፣ ልጅቷ ትደንስ ወይም ታዝዝ የሚነግረን ጽሑፍ የለም። ጢም ያለው ጨርቅ ደርቦ ዓይኑን ጨፈን ስላደረገ ንጉሥ ሆነ። እርቃኗን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመችው ዳንሰኛ ሆነች። ስሞቹን የሰጡት ቆፋሪዎቹ ናቸው፤ ስሞቹም እንደ ምስማር ተመትተው ቀሩ። ኦልደርማን የለወጠችው መለያ ጽሑፉን ብቻ ነው። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ ፍንዳታዎች ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ይህ ልቦለድ ነው ካላችሁ ስዊድን እንሂድ። ቢርካ በተባለ ስፍራ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቆፈረ አንድ የቫይኪንግ መቃብር አለ። ሰይፍ፣ መጥረቢያ፣ ጦር፣ ፍላጻዎች፣ ሁለት ፈረሶችም ወጥተውበታል። ከመቶ ዓመት በላይ የአንድ ተዋጊ ወንድ መቃብር ተብሎ ሲጠቀስ ኖረ። በ2017 የታተመ የዘረመል ምርመራ ግን አጥንቱ የሴት መሆኑን አሳየ። ወዲያው ጥያቄ ዘነበ። መሣሪያው በእርግጥ የእርሷ ነው? ትዋጋበት ነበር ወይስ ለክብር የተቀመጠላት ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሳይንስም የሚያምረው ሲጠይቅ ነው። አጥንቱ የወንድ ነው በተባለበት ዘመን ሁሉ ግን ጥያቄዎቹ የት ተኝተው ነበር? አርስቶትል በቀፎው በር ላይ እንደቆመ ነው፤ ተፈጥሮ ለእንስት መሣሪያ አትሰጥም።

ዕቃም ከብረት የተሠራ ስም ነው፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። በመጋቢት 2019 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ሁለት ሴቶች ብቻ ከጣቢያው ወጥተው በጠፈር ሊሠሩ የነበረበትን ዕቅድ የቀየረው በልካቸው የተዘጋጀ በቂ የጠፈር ልብስ ስላልነበረ ነው። ሥራውን ሁለት ሴቶች የሠሩት በጥቅምት ነው። እንግዲህ በጉልበተኛ ሴቶች ዓለም ውስጥ የበር እጀታው ምን ያህል ይጠብቃል? የጠርሙስ ክዳን በማን እጅ ልክ ይታሸጋል? ወንዱ ክዳኑን ለመክፈት ማንን ይጠራል፤ ሲጠራስ ፊቱ ምን ይመስላል? እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከአሥር የጦርነት ምዕራፍ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔም እንዲህ ያለ ልቦለድ ጀምሬ ነበር። ያቆመኝ የሴራ እጥረት አልነበረም፤ ሰዋስው ነው።

በአማርኛ አንድን ነገር ስናሳንሰው ወይም ስናሳሳለት ወደ አንስታይ እናዞረዋለን። ድንጋዩ መንገዱን ዘጋው፤ ድንጋይዋ ግን ጫማዬ ውስጥ ገባች። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ቤቷ ጠበብ ብትልም ትበቃናለች። «ይቺን ታህል» ስንል ጣታችን ራሱ ይጠብባል። ቅድም «አንዲት ብሎን» ስል ማንም አልገረመውም፤ ብሎን ትንሽ ስለሆነች ሴት መሆኗ የታወቀ ነው። (ፀሐይና ምድርስ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕጉ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ግን ሕጉን አላፈረሰውም።) ታዲያ ሴቶች ግዙፍ በሆኑበት አገር ይህ ሰዋስው እንዴት ይቆማል? ልጆች ትንሹን ነገር ሁሉ በእናታቸው ጾታ የሚጠሩት፣ እናትየዋ በአንድ እጇ አባታቸውን የምታነሳ ከሆነ?

ከዚያ ሙገሳው መጣ። ሴት ስትደፍር «ወንድ ናት» እንላለን፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ጓዳችን ውስጥ የለም። የሚፎክረው ሰው «ወንድ ከሆንክ ና!» ይላል። በእኔ አገር «ሴት ከሆንሽ ነይ!» መባል አለበት አልኩና ጻፍኩት። ሳነበው ፉከራነቱ ጠፋ፤ የጎረቤት ጠብ መሰለ። ቀጠልኩ። አንድ ጠባቂ ከአደጋ ሸሽቶ ሲመለስ አዛዧ ባልደረቦቿን ታረጋጋለች፤ «ተዉት፣ ወንድ ነው» ትላለች። ፈሪ ነው፣ አይፈረድበትም ማለቷ ነው። አሁን ስናገረው እናንተ የሰማችሁት ምንድን ነው? ጀግና ነው የሚለውን ነው፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። ዓለሙን ለመገልበጥ ሦስት መቶ ገጽ ብሠራም አንዷ ቃል አንባቢዬን ወደ ነበረበት ትመልስብኛለች።

አንድ ጊዜ መውጫ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። በአማርኛ «አንተ» ያለ ሰው «አንቺ» ሊል አይችልም፤ «መጣ» ያለ «መጣች» አላለም። «መጣሁ» ግን የማንም ነው። ሙሉውን በ«እኔ» ብጽፈውስ? «እርስዎ»ም እንዲሁ ነው፤ ስንከባበር ጾታችን ከግሱ ላይ ይጠፋል፤ ይህን ሳስተውል ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ንግግር በጽሑፍ የሚያነበው ሰው እኔ ወንድ ልሁን ሴት የሚያውቅበት አንድም ፍንጭ እስካሁን አላገኘም። ግን እወራረዳለሁ፣ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ አንዱን መርጦ ይዟል። እናም ገጸ ባሕርያቴን ሁሉ እርስ በርሳቸው አንቱ አሰኘኋቸው። ሃያ ገጽ ድረስ ሄደልኝ። ከዚያ ጠብ መጣ። አንቱ እየተባባሉ የሚደባደቡ ሰዎችን የሚያምን አንባቢ ካለ ይቅረብና አድራሻውን ይስጠኝ። የፍቅሩ ምዕራፍማ ባይነሳ ይሻላል።

ስለዚህ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። በአዲሱ ረቂቅ ግዙፉን፣ አስፈሪውን፣ የማይነቀነቀውን ሁሉ ያለ ምንም ማብራሪያ በአንስታይ እጽፋለሁ፤ ትንሹን፣ የሚያሳሳውንና ኪስ የሚገባውን በተባዕታይ። ማርሽ እንደ መቀየር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይንቋረራል። አንባቢው ምዕራፍ አራት ላይ ይለምደዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የማልናገረው ተስፋዬ ደግሞ መጽሐፉን ከዘጋው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን «ድንጋይዋ» ሲል ገደል ትዝ እንዲለው ነው።

የዕለቱን ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ከተነሡት ጥያቄዎች ግን አንዱን ማስፈር ግድ ይለኛል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማስታወሻ ሲይዙ የቆዩ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ።

«ረቂቁን ይዘውት ከሆነ የመጀመሪያዋን መስመር ቢያነቡልን» አሉኝ።

ይዤው ነበር። አወጣሁና አነበብኩ፤

«ጠዋት ስንነሳ ተራራዋ በራችን ላይ ቆማ ነበር።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ።

«ደስ ትላለች» አሉ። «ጉብታ ቢጤ ናት አይደል?»